ከቸኮል ፊት

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰብለ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። ኔትወርክ በፈቀደ ቁጥር የብስክሌት ውድድር ታያለች፤ ይህን አመል ከእኔ በመውረሷ እናቷ እስካሁን ይቅር አላለችኝም። በአንድ የፈረንጅ አገር ጎዳና ላይ መቶ የሚሆኑ ብስክሌተኞች ተጠጋግተው ይበራሉ። መድረሻው ሲቃረብ ሁለት ፈጣኖች ተለይተው ወጡ፤ አንዱ ግዙፍ፣ አንዱ ቀጭን። ቀጭኑ አሸነፈ።

«አባዬ፣ በአጨራረስ ከሁለቱ ማን ይበልጣል?» አለችኝ።

«ሁለቱን ተያቸው። ከቀጭኑ ፊት የነበረውን አይተሽዋል?»

አላየችውም። ወደ ኋላ መልሳ ከፈተችው። አንድ የቡድኑ ልጅ ንፋሱን እየሰበረለት ይመጣና መስመሩ ሊደርስ ትንሽ ሲቀር ወደ ጎን ይላል፤ ካሜራውም እዚያው ይተወዋል። ስንተኛ እንደ ወጣ ማንም አልተናገረም።

«እኔ እሱን ነበርሁ» አልኋት። ሳቀች። ያን ታሪክ ለልጆቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነግሬያቸው እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ስትስቅ ነው።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ እንጅባራ ከተማ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፤ እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ከመቀመጥ ብስክሌት ላይ መቀመጥን የመረጥሁ፣ ለአባቴ ብስጭት፣ ለእናቴ ስለት የሆንሁ ሰው ነበርሁ። የከተማችንን ቡድን የሚያሠለጥኑት የስፖርት አስተማሪው መምህር ታከለ ናቸው። ቡድን ስል አምስት ሰው ማለቴ ነው። ብስክሌቶቻችንም ቢሆኑ አንዱ ከሌላው ጎማና ካቴና እየተበደረ የሚሄድ ነበር።

ከአምስታችን አንዱ ቸኮል ነው፤ በሦስት ዓመት ያንሰኛል። አገሩ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው፤ አባቱ በፈረሰኛነታቸው ስማቸው የሚነሣ ገበሬ ነበሩ። ቤታቸው በአገውኛ ሲጫወቱ ቆይተው እኔ ስገባ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ቸኮል ከስሙ ጋር አይተዋወቅም፤ ሲበላም፣ ሲያወራም፣ ጫማውን ሲያስርም ተረጋግቶ ነው። የውድድሩ መጨረሻ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እኔን «አያ ይስማው» ይለኛል፤ ታላቅ ወንድሜ እንደ ማለት ነው።

ያኔ የሁላችንም ፈተና የዳንግላው ሙላቱ ነበር። ሙላቱ ጭኑ ወፍራም፣ ትከሻው ሰፊ ነው። አራት መቶ ሜትር ሲቀረው ከባዱን ማርሽ አስገብቶ ይነሣል፤ አንዴ ከተነሣ እስከ መስመሩ አይበርድም። ቸኮል እንዲህ ከሩቅ ቢነሣ መንገድ ላይ ይቀራል። የእሱ ጉልበት አጭርና ድንገተኛ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ከሰው ጀርባ ተሸሽጎ መምጣት አለበት። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። እኔ ፈጣን አይደለሁም፤ ንፋስ ግን እችላለሁ።

በየማለዳው በጥሊሊ መንገድ እንለማመዳለን። እኔ ከፊት እየጎተትሁ አመጣውና «እለፍ!» ብዬ ወደ ግራ እላለሁ፤ እሱ በቀኜ ሽው ይላል። ሲያልፈኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን የምለው ለማስመሰል አይደለም። ከዚያ እነቸኮል ቤት ገብተን ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እንበላለን። እናቱ እጃችን ላይ ውሃ ሲያፈሱ ሁልጊዜ ከእኔ ይጀምሩ ነበር፤ እንግዳ ስለሆንሁ ነው እያልሁ አልፈዋለሁ።

ኅዳር ላይ ከዳንግላ እንጅባራ ውድድር ተዘጋጀ። አንድ የባሕር ዳር ክለብ ሰዎች እንደሚመጡና አንደኛ የወጣውን ብቻ እንደሚወስዱ ተነገረን። ደመወዝ አለው፣ አዲስ ብስክሌት አለው። ለእኔ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዕድል እንደማይመጣ አውቄው ነበር፤ አባቴ ከበዓል በኋላ ሱቁን እንድረከብ ወስኗል። መምህር ግን ሐሳባቸውን አልለወጡም።

«ይስማው ያመጣል፣ ቸኮል ይጨርሳል» አሉ። እሺ አልሁ። ልቤ ግን እሺ አላለም።

በዋዜማው ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩ። «ሙላቱ ጆሮው ንቁ ነው። እለፍ ስትል ከሰማ አብሮ ይነሣል። ነገ ድምፅ አታሰማ፤ ዝም ብለህ ወደ ግራ በል።» ለእኔም ለመምህርም ጥሩ ብልሃት መሰለን። ቸኮል አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ከዳንግላ ስንነሣ ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ጤፉ ቢጫ ሆኗል። አዲስ ቅዳምን ስናልፍ የገበያ ቀን ስለነበር ሰዉ አህያውን ወደ ዳር እየሳበ አሳለፈን፤ ዛሬ መንገዱን ግራና ቀኝ የሞላው ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ያኔ የለም፣ ሜዳው ገላጣ ነው፣ ንፋሱም ከፊት ነው። ከእኛ ቡድን ሦስቱ በዳገቱ ላይ ቀሩ። እንጅባራ መግቢያ ላይ ስንደርስ ከፊት የቀረነው ስምንት ነበርን። ሙላቱ እንደ ልማዱ ከሩቅ ሊነሣ ሲል ቀድሜው ተነሣሁ። ከእኔ ጎን ለመውጣት ቢታገልም ንፋሱ ያዘው። ቸኮል ከኋላ ጎማዬ ሥር ተጣብቋል።

በኖራ የተሰመረው መስመር ታየኝ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሲቀር እንደ ታዘዝሁት ዝም ብዬ ወደ ግራ አልሁ።

ቸኮል አላለፈም። እኔ ወደ ግራ ስል እሱም ተከትሎኝ ወደ ግራ አለ። ደክሞት ይሆናል ብዬ በብብቴ ሥር ወደ ኋላ አየሁት። አልደከመም። አፉን ገጥሞ፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። «እለፍ» እስክለው እንደሚጠብቅ ገባኝ። ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

አሁን አንደኛ እኔ ነኝ። ሙላቱ በቀኝ እየተጠጋ ነው፤ እግሬ ግን ገና አልከዳኝም። ዝም ብል ማን ይወቅሰኛል? ዝም በል የተባልሁት እኔው ነኝ። አንድ ጊዜ ረገጥሁ። ሁለተኛ ረገጥሁ። በሦስተኛው የባሕር ዳሩን ብስክሌት ከነቀለሙ አየሁት። በአራተኛው እንደገና ወደ ኋላ ዞርሁ፤ ልጁ አሁንም ይጠብቃል፤ ፊቱ ላይ ጥርጣሬ እንኳ የለም።

«እለፍ» አልሁት።

አለፈኝ። ሙላቱን በግማሽ ጎማ ቀደመው። እኔ አምስተኛ ወጣሁ። ደግ ስለሆንሁ ነው ያልሁት ብል ውሸት ነው፤ ያን ዓይን ይዤ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ እንደማልችል ስለተሰማኝ ነው።

ማታውን እነቸኮል ቤት ተጠራን። መምህር ገና ከመቀመጣቸው ቸኮልን ተቆጡት። «ምን ሆነህ ነው ሳታልፍ የቆየኸው?»

ቸኮል መሬት መሬት አየ። መልሱን የሰጡት አባቱ ናቸው። «ይስማው ታላቁ ነው። ለሰርግም ለለቅሶም በፈረስ ስንሄድ ታናሽ ታላቁን እለፍ ሳይባል አያልፍም። እኔ ነኝ ያስተማርሁት።»

«አባባ፣ ይኼ እኮ ብስክሌት ነው» አሉ መምህር።

«በፈረስ ነውር የሆነው በብስክሌት ምን ይሆናል ብለው ነው?» አሉ አዛውንቱ፤ የእውነት ጥያቄ ነበር። እኔ ቀና ብዬ ማንንም ማየት አልቻልሁም።

ቸኮል ባሕር ዳር ሄደ፤ ዓመታት ተወዳድሮ ተመለሰና የአባቱን ፈረሶች ያዘ። እኔ ሱቁን ተረከብሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከባሕር ዳር ሰላምታ በላከ ቁጥር ይቆጨኝ ነበር፤ እያደር ቁጭቱ ለቀቀኝ። ያልለቀቁኝ ዝም ብዬ የረገጥኋቸው እነዚያ አራት ፔዳሎች ናቸው። ለማንም ተናግሬያቸው አላውቅም፤ ለሰብለም ታሪኩን ስነግራት ዘለልኋቸው።

ሰብለ ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ማክሰኞ ዕለት በባጃጅ ዘንገና መገንጠያ ድረስ ሄድሁ። ቸኮል መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ፂሙ ሸብቷል። ወደ ቤቱ በሚወስደው ቀጭን የእግር መንገድ እንደ ወትሮው እኔን አስቀድሞ ከኋላዬ ተከተለ። ፊቴን ሳላዞር ተናገርሁ፤ እንዲያ ይቀላል።

«ቸኮል፣ ያን ጊዜ ወዲያው እለፍ ማለት እችል ነበር። ዘግይቻለሁ።»

«አራት ረገጥህ» አለኝ። «ቆጥሬያለሁ።»

ቆምሁ። «ይህን ሁሉ ዘመን ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ባልልህስ ኖሮ?»

«አንተ ባሕር ዳር ትሄድ ነበር፤ እኔ ፈረሴ ጋ እመለስ ነበር። ምን ይደረግ፣ አያ?»

እንባዬ መጣ፤ አላፈርሁበትም። ጥቂት እንደ ሄድን ከሐይቁ በኩል ብርቱ ንፋስ ተነሣና ሳል ያዘኝ። ቸኮል ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ደረበልኝና ከኋላዬ ቆመ።

«አያ፣ ፈቃድህ ከሆነ ንፋሱን ዛሬ እኔ ልስበረው» አለኝ።

«እለፍ» አልሁት፤ እሱ ገና ተናግሮ አፉን እንኳ ሳይገጥም።