ጀልባዋ ለእሱ፣ ሞተሩ ለእሷ

በአባቴ አርባ ተዝካሩ ተበልቶ ሰው መበተን ሲጀምር፣ ሽማግሌዎቹ እኔንና ወንድሜን ለብቻችን አስቀሩን። ከቀብሩ ቀን አንስቶ ተኳርፈን ነበር። ያን ቀን ገና ከመኪና ወርጄ ሳልጨርስ፣ በለቀስተኛ ፊት "አሁን ነው የምትመጪው?" አለኝ። አባቴ ቴፒ አጠገብ ባለው የቡና መሬቱ ላይ ሲታመም ያስታመመው እሱ ነው። እኔ ሚዛን ከተማ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ይህን ልጨርስና እሄዳለሁ ስል ሞት ቀደመኝ። የተናገረው ግማሹ እውነት ስለነበረ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ሌላውን ግማሽ ግን አልቀበለውም።

እናታችን የሞተችው ልጆች ሳለን ነው። ወንድሜን አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ከእሱ በቀር የቅርብ ሥጋ ዘመድ የለኝም። ስለዚህ ኩርፊያው ሳምንት ቆይቶ እንደሚበርድ እንደ ሌላው ኩርፊያ አልነበረም። የሚበላው ከውስጥ ነበር።

በመሬቱ አልተከራከርንም። የደከመበት እሱ ነው፣ ይውሰደው አልኩ። ያስቸገረው ጀልባዋ ናት።

ቴፒ ላይ፣ በቡናና በሙዝ መሃል፣ ጀልባ ምን ትሠራለች የሚል ሰው አይፈረድበትም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ላይ ጀልባ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ከእሱ ጋር ያረጀችውን የእንጨት ጀልባ ከነሞተሯ ለራሱ ገዛትና፣ አይሱዙ ላይ ጭኖ ዳገቱን ይዟት ወጣ። አገር ሳቀበት። እሱ "ለጊዜው ነው፣ እመልሳታለሁ" ይላል። ዳስ ሠራላት፣ ሸራ አለበሳት። እሁድ እሁድ ሞተሩን ፈቶ፣ ውሃ የተሞላ በርሚል ጠርዝ ላይ ያስረውና ያስነሳዋል። ሞተር የሚበላሸው ቆሞ ሲውል ነው ይል ነበር። ታሞ ሲተኛ ግን በርሚሉ ደረቀ፣ ሞተሩም ቆሞ ዋለ። ሊሞት ሲል ወንድሜን "አደራ፣ ውሃ ላይ መልሷት" እንዳለው በኋላ ሰማሁ። መልሷት ያለው ሁለታችንን ነው፤ የሰማው ግን እሱ ብቻ ነው።

ልጆች ሆነን ባሮ ላይ ይዞን ሲወጣ ወንድሜ ከፊት ይቀመጣል። ሥራው ውሃው ሥር የተደበቀ አሸዋ ሲያይ "አሸዋ!" ብሎ መጮህ ነው። እኔ ከኋላ፣ ከአባቴ ጎን ነኝ። የእኔ ሥራ በቤንዚን ቱቦው መሃል ያለችውን እንቁላል የምታክል ጎማ እየጨመቁ ሞተሩን ማጠጣት ነበር። ሁለታችንም ራሳችንን የጀልባዋ አለቃ እናደርግ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ጋምቤላ እየተመላለሱ ሲነግዱ በአባቴ ጀልባ ተሻግረዋል። ሁለታችንንም አዳምጠው ፍርዳቸውን ሰጡ።

"ጀልባዋ ለእሱ፣ ሞተሩ ለእሷ። አንዱ ያለ ሌላው አይረባችሁም። እንግዲህ ባትወዱም በግዳችሁ ትገናኛላችሁ።"

ሌሎቹ ሳቁ፤ በፍርዱ ኮሩ። ወንድሜ መሬት መሬት እያየ "እሺ" አለ። እኔም እሺ አልኩ። ሆዴ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ነገር ያዘ፦ ሞተሩን አስነስቼ አንድ ቀን ይዤለት እሄዳለሁ፣ ጀልባዋ ላይ እናስረዋለን፣ ባሮ ወርደን እሱ ከፊት እኔ ከኋላ እንቀመጣለን። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ማንኛችንም ማውጣት አይጠበቅብንም። ሲነሳ እነግረዋለሁ፣ እስከዚያ ግን ትንፍሽ አልልም አልኩ።

ሞተሩ በሚኒባስ ጣሪያ ሚዛን ገባ። ከልብስ ስፌት መኪናዬ ኋላ፣ ከግድግዳው ጋር አስደግፌ አቆምኩት። የማውቀው የብረት ነገር የስፌት መኪና ብቻ ነው፤ ስለዚህ የስፌት መኪና ዘይት አጠጣሁት። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሞተር ሳይክል መካኒክ ይህን ሲሰማ ቡናው ትን እስኪለው ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አልተለየኝም። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ አወጣጥ አሳየኝ። ካርቡራተሩን በታትኜ በጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር መቀላቀል አስተማረኝ። እጁ ጥሩ ነው። አፉ ግን ከእጁ ይፈጥናል፤ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው አላውቅም ከማለት ሞቱን ይመርጣል።

መጀመሪያ ልናስነሳው የሞከርን ቀን ልብስ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አሰርነው። አባቴ በርሚል ውስጥ ነበር የሚያስነሳው አልኩት። "ያማ ጎረቤት እንዳይረበሽ፣ ድምፁን ለማፈን ነው" አለኝ። "ሞተር ነፋስ ነው የሚያቀዘቅዘው፣ እህቴ።" አባቴ ለጎረቤት የሚጨነቅ ሰው ስለነበር አመንኩት። ገመዱን ሳበው፣ ሳበው፣ ድንገት ተነሳ። ቤቱ በጭስ ተሞላ፣ እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። ወዲያው የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። የባሮን ውሃ እየሳበች ሞተሩን ታቀዘቅዝ የነበረችው የፓምፑ ጎማ፣ ውሃ ስታጣ ቀልጣ ከብረቱ ጋር ተጣበቀች። መካኒኩ ጎማዋን በካቻቢቴ እየፋቀ "አርጅታ ነው" አለ። ደሜ ፈላ፣ ግን ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ያችን ጎማ ፍለጋ ያልላክሁት ሾፌር የለም። ከጋምቤላ የመጣችው ጠበበች። ሌላዋ ሰፋች። የምትገጥመው ከአርባ ምንጭ፣ ሐይቅ ላይ ከሚሠሩ ሰዎች ተገኝታ እስክትደርስ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። የሚዛን ዝናብ መቼ ይታመናል፤ የሰፋሁት ልብስ ተሰቅሎ የሚሻግትበት ቤት ውስጥ ብረት ምን ይሆናል? ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ገብቶ ፒስተኑ ድርቅ ብሎ አገኘሁት። ናፍጣ አፈሰስኩበት፣ ቀናት አሳደርኩት፣ በእንጨት መታ መታ አደረግሁት። ሲለቅ ፒስተኑን የሚከቡት ፋሻዎች ተሰበሩ። እነሱንም ፈለግሁ።

በዚህ መሃል የእጄ ጥቁረት መልቀቅ አቆመ። አንዲት እናት የልጇን ነጭ ሸሚዝ መልሳ አምጥታ ኮሌታው ላይ ያለውን አሻራ አሳየችኝ። አውራ ጣቴ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ይቅርታ ብዬ ሌላ ሰፋሁላት፤ እሷ ግን ተመልሳ አልመጣችም፣ ጎረቤቶቿንም ይዛ ቀረች። ሴት ልጅ ምን ነካት ሲሉ እሰማለሁ። ማታ እጄን በአመድና በሳሙና ስፈትግ እኔም ምን ነካኝ እላለሁ። ብዙ ጊዜ ትቼው ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ የወንድሜ ነገር ይመጣብኛል። አዝዬው ወንዝ ዳር ስሄድ ማጅራቴ ላይ እንቅልፍ የሚወስደው ልጅ ነው፤ አሁን ግን ገበያ ላይ ድንገት ብንገናኝ ምን እንደምለው አላውቅም። ስለዚህ ተመልሼ ብሎኑን እይዛለሁ።

የተነሳው በጥቅምት ነው። ከቤቴ ኋላ በርሚል አስቀመጥኩ፣ ውሃ ሞላሁ፣ ሞተሩን ጠርዙ ላይ አሰርኩት። መካኒኩ ሊስብልኝ ሲል እኔ እስባለሁ አልኩት። የጎማዋን እንቁላል ጨመቅሁ፣ ገመዱን ሳብኩ። ደጋግሜ ሳብኩ። ሲነሳ በርሚሉ ውስጥ ያለው ውሃ ተናጠ፣ ከሞተሩም ጎን ካለችው ቀዳዳ ቀጭን ውሃ መትፋት ጀመረ። አባቴ ያችን ቀዳዳ በጣቱ እየነካ "ይኸው፣ ሽንቱን ሸና፣ ደህና ነው" ይል ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መካኒኩ ለመንገደኛው ሁሉ "እኔ ነኝ የሠራሁት" ይላል። ይበል አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሞተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዤው ወደ ቴፒ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ወንድሜን የምለውን ሳሰላስል፣ መጨረሻ ላይ ምንም አልልም፣ ብርድ ልብሱን ብቻ እገልጣለሁ ብዬ ወሰንኩ።

የቡና ለቀማ ጊዜ ነበር። ግቢው በለቃሚዎች ተሞልቷል፤ የተፈለፈለ እሸት ቡና ገለባ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ወንድሜ ጣራ ሥር ቆሞ መመዘኛው ላይ ጆንያ ያወጣል። ሲያየኝ ክው አለ። ከስቷል። መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ፣ "እታለም" አለኝ። እንዲህ ካለኝ ስንት ጊዜው። 

ከዚያ ከትከሻው በላይ ጀልባዋን አየኋት።

ዳሱ ሥር የለችም። ከውሃ ቧንቧው ሥር፣ ዘቅዘቅ ባለ ቦታ በእንጨት ተደግፋ ተቀምጣለች። ሆዷ በተፈለፈለ ቡና ተሞልቷል፤ አንድ ሠራተኛ በረጅም እንጨት ቡናውን እየገፋ ያጥበዋል። የቡናው ልጋግና ውሃው በኋላዋ በኩል ወደ ቦዩ ይወርዳል። በኋላዋ በኩል የሚወርደው ኋላ ስለሌላት ነው። ሞተር የሚታሰርበት ወፍራሙ ሳንቃ ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ተቆርጦ ተነስቷል። ውሃ እንዲፈስ አፍ ተከፍቶላታል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የጠርዙ እንጨት እንኳ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሷል። ጎኖቿ በቡናው ልጋግ ጠቁረው በስብሰው ነበር፤ በጣቴ ስነካቸው ጥፍሬ ገባ።

ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ማስረዳት ጀመረ። የማጠቢያ ቦይ በሲሚንቶ ማሠራት አልቻለም፤ ጀልባዋም ዝም ብላ በምስጥ ልታልቅ ነበር፤ ቢያንስ ውሃ ታያለች ብሎ ነው። የመጨረሻዋን የተናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። አባታችን አደራ ያለውን በራሱ መንገድ የፈጸመ መስሎት ይሁን ወይም ራሱን ሲያጽናና፣ አልጠየቅሁትም። ሄጄ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን በእጁ ዳሰሰው። በርሚል አንከባሎ አመጣ፣ ውሃ ሞላ፣ ሞተሩን ራሱ አሰረ። ገመዱን ሳብኩ፣ በመጀመሪያው ተነሳ። ለቃሚዎቹ ሥራቸውን አቁመው ዞሩ። ወንድሜ እጁን ሰዶ ከቀዳዳዋ የሚወጣውን ውሃ በመዳፉ ተቀበለ። መዳፉ ሞልቶ ሲፈስ አየሁት። ሞተሩን አጠፋሁ።

"የሚነሳ ቢመስለኝ አልቆርጣትም ነበር" አለኝ። "ትተሽዋል ብዬ ነው።"

"አልተውኩትም።"

"አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምናለበት?"

 እሱም መጋዙን ሲያነሳ አንድ ቃል አልነገረኝም፤ ይህን ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ደከመኝና ተውኩት። የተቆረጠው ሳንቃ የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁት። ወደ ቤቱ ደጃፍ ወሰደኝ። እግር ገጥሞለት መቀመጫ አድርጎታል። ማታ ማታ እዚህ ነው የምቀመጠው አለኝ። የሞተሩ ብሎኖች በዓመታት ብዛት የነከሱት ሁለት ጉድጓድ እንዳለ ነው። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጣቴን አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩ፤ ጥልቅ ነው። ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። እንግዳ ከእንግዳ ጋር የሚያወራውን ነው ያወራነው።

ሞተሩ እዚህ ይቆይ እንዲለኝ ጠበቅሁ። ቢለኝ በየወሩ ዘይት ላጠጣው ብዬ የምመጣበት ምክንያት ይኖረኝ ነበር። እሱም ምናልባት ልተውልህ እንድለው እየጠበቀ ይሆናል። የሚዛን ሚኒባስ ከመንገዱ ጡሩምባ ሲነፋ ብድግ አለ። ሞተሩን በትከሻው ተሸክሞ አወጣ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ራሱ አሰረው፤ ገመዱን እየሳበ ደጋግሞ ፈተሸ። "ደህና ግቢ" አለኝ። ደህና ሁን አልኩት። አልተኳረፍንም፤ በበዓል በስልክ እንኳን አደረሰህ እንኳን አደረሰሽ እንባባላለን። ሽማግሌው በግዳችሁ ትገናኛላችሁ ያሉት ነገር ግን ቀርቷል፤ የሚያገናኘን ግድ የለም።

ሞተሩ አሁንም ከስፌት መኪናዬ ኋላ ነው። በየወሩ ካንዴላውን አውጥቼ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ፣ ብሎኖቹን ግሪስ እቀባለሁ፣ ዝገት እንዳይበላው። በርሚሉም ከቤቱ ኋላ አለ። መካኒኩ ከመንገድ ማዶ እየጮኸ ለምን አታስነሺውም ይለኛል። ከቴፒ ከተመለስኩ ወዲህ ገመዱን ስቤው አላውቅም። እንደሚነሳማ አውቃለሁ።