ነጅማና ደሞዝተኞቹ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከታክሲ ወርዳችሁ ሽቅብ ስትወጡ መንገዱ ወደ ግራ የሚጠመዘዝባት አንዲት ክፉ ቦታ አለች። ክረምት በገባ ቁጥር ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ጭቃውን አምጥቶ ኮብልስቶኑ ላይ ይለቀልቀዋል፤ ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ ይወድቃል። ሽማግሌ የለ፣ ኮረዳ የለ፣ ባለከረባት የለ፣ ሁሉም ይወድቃል። እኔም የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የስፌት መኪናዬን አሸክሜ ወደዚህ ሰፈር ስገባ፣ የተከራየሁትን ቤት እንኳ ሳላይ በመቀመጫዬ ዘጭ ያልኩት እዚያች ኩርባ ላይ ነው።

ያን ቀን ከኩርባው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ አንዲት ረጅም ልጅ ሻርፗን እየያዘች በሩጫ ወጣች። "እኔን! እኔን እናቴ!" ብላ ብብቴ ሥር ገባችና ብድግ አደረገችኝ። ቀሚሴን በራሷ ፎጣ ጠረገችልኝ። ሱቋ ውስጥ አንድ ደንበኛ እጁን ዘርግቶ መልሱን ይጠብቃል፤ ዞር ብላም አላየችው። ነጅማን ያወቅኋት እንዲህ ነው።

እኔ ዘውድነሽ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔ ቤትና የእሷ ሱቅ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። እሷ ሳሙና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ እንቁላል ትሸጣለች፤ ክረምት ከበጋ በዚያች ኩርባ የሚወድቀውን ሁሉ ደግሞ በነጻ ታነሳለች። ስንቴ ተቆጥቻታለሁ! "አንቺ ልጅ፣ መሳቢያሽን እንደከፈትሽ ትሮጫለሽ፣ አንድ ቀን ሙልጭ አድርገው ይወስዱልሻል!" እላታለሁ። "ታዲያ ሰው ሲወድቅ ቁጭ ብዬ ልይ እትዬ?" ትላለች። አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ ይሄ አመሏ አንድ ቀን ጉድ እንደሚሠራት እኔ አውቅ ነበር። የት እንደሚሠራት ነው ያላወቅሁት።

ነጅማ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ናት። እንዳትስቁ፤ እኔ መጀመሪያ ስቄ ተቀጥቻለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ሱብሒ ሰግዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን ዳገት ትሮጣለች፣ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቋን ትከፍታለች፣ አመሻሽ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ከቡድኗ ጋር ስትዘል ታመሻለች። ያን ሰዓት ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከጓደኞቿ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዷ ባንክ ትሠራለች፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ናቸው። ለመጫወታቸው የሚከፍላቸው ሰው የለም። ማልያቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ለነጅማ እጅጌውን አስረዝሜ፣ ከሥር የምትለብሰውንም ጨምሬ።

ታዲያ ይቺ ልጅ አንድ ምኞት ነበራት። ከውጭ የሚመጡት ክለቦች ኳስ እንጀራቸው ነው፤ ጠዋት ኳስ፣ ማታ ኳስ፣ በወሩ መጨረሻ ደሞዝ። ፕሮፌሽናል ይሏቸዋል፤ ነጅማ ግን "ደሞዝተኞቹ" ነው የምትላቸው። አራት ጊዜ ገጥማቸዋለች፤ አራቱንም ጊዜ አርባ ነጥብ፣ ሠላሳ ነጥብ እየተሸነፈች ተመልሳለች። "ጉልበታቸውን የሚያሽላቸው ባለሙያ እንኳ ይዘው ነው የሚመጡት እትዬ" ትለኛለች፣ እኔ ጨው አሙቄ በጨርቅ ቋጥሬ የቀኝ ጉልበቷን እየተኮስኩ። "የኔ ባለሙያ ደግሞ እርስዎ ነዎት።"

"ዝም በይና እግርሽን ዘርጊ!" እላታለሁ። ውስጤ ግን ደስ ይለዋል፣ ምን ልደብቃችሁ።

ዘንድሮ ጉልበቱ ባሰበት። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን አይቶ፣ ከዚህ በኋላ ዝላይ የሚባል ነገር እንዳይታሰብ አላት። ያኔ ነው የምሥራቅ አፍሪካ ክለቦች ውድድር አዲስ አበባ የመጣው። አዘጋጅ አገር አንድ ቡድን ጨምሮ ያስገባል ተባለና የእኛዎቹ በዚያ በር ገቡ። ነጅማ የሐኪሙን ወረቀት አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። "እትዬ፣ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ደሞዝተኛ ላሸንፍ። ከዚያ በቃኝ ብዬ ሱቄ ውስጥ እቀመጣለሁ።" ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ቁጡ ነኝ እንጂ ጨካኝ አይደለሁም፤ ጨዉን አሞቅሁ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በሃያ ስምንት ነጥብ ተሸነፉ። ሁለተኛውን በአሥራ አንድ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የሁለታችንንም በር ዘጋሁና ካርቶን ላይ "ኳስ ላይ ነን" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ታክሲ ውስጥ ስንሳፈር ነጅማ፣ "እርስዎ በዚያ በኩል ይጸልዩ፣ እኔ በዚህ በኩል ዱዓ አደርጋለሁ" አለችኝ። "ከሁለቱ አንዱማ አይጠፋም" አልኳት።

ደሞዝተኞቹ ሲገቡ ባየኋቸው ጊዜ ወይ ጌታ ሆይ አልኩ። ቁመት ነው? ክንድ ነው? ከሁሉም ዘጠኝ ቁጥር የለበሰችው የመብራት እንጨት ታክላለች። እሷን የምትይዘው ማን ሆና? የእኔዋ ባለሱቅ! ጀመሩ። ያቺ ትዘላለች፣ ነጅማ ትገፋታለች፤ ያቺ ትዞራለች፣ ነጅማ ቀድማ ቆማ ትጠብቃታለች። ዳገት የሮጠ ሳንባ አይደክምም ለካ! እረፍት ላይ በአራት ነጥብ ብቻ ይመሩን ነበር። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ እኩል ሆንን። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ የማላውቃቸውን ሰዎች ትከሻ ይዤ ነበር፤ የምጸልየውም የምሳደበውም ተደባልቆብኛል።

ዘጠኝ ሰከንድ ሲቀር ስልሳ አንድ ለስልሳ። እኛ እየመራን! ኳሱ በእነሱ እጅ ነው። ዘጠኝ ቁጥር እያነጠረች መጣች፣ ነጅማ ተጋረጠችባት፣ ያቺ በቀኝ ልታልፍ ስትል ላብ የነጠበበት ወለል አንሸራተታትና ዘጭ አለች። ማንም አልነካትም፣ ዳኛውም ፊሽካ አልነፋም። ኳሱ ተንከባልሎ መጥቶ ነጅማ እግር ሥር ቆመ። ጎንበስ ብላ ማቀፍ ብቻ ነበር የቀራት። አቅፋው ሰዓቱ ቢያልቅ፣ በቃ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ምኞት ደረሰ ማለት ነው።

"እኔን!" አለች ነጅማ።

እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ኳሱን ተራምዳ ሄደች፣ ዘጠኝ ቁጥርን ብብቷ ሥር ገባችና ብድግ አደረገቻት። ከኋላ አንዷ ደሞዝተኛ ኳሱን አፈፍ አድርጋ ሮጠች፣ ቅርጫቱ ውስጥ ጨመረችው፣ ደወሉ ጮኸ። ስልሳ ሁለት ለስልሳ አንድ።

"ኳሱን! ኳሱን አንቺ ልጅ! ሰው መጀመሪያ ኳሱን ያነሳል!" እያልኩ ስጮህ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

ነጅማ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ በማልያዋ እጅጌ ፊቷን ሸፈነች። ደሞዝተኞቹ ሲጨፍሩ ዘጠኝ ቁጥር ብቻዋን ተመልሳ መጣች። የቡድናችንን ትንሿን ተጫዋች ሲፈንን፣ እንግሊዝኛ ስለምትችል፣ "ምን ብላኝ ነው ያነሳችኝ?" ብላ ጠየቀቻት። ሲፈን አሰበች አሰበችና "ሶሪ ብላሽ ነው" አለቻት። "ሶሪ? አልነካችኝም እኮ!" አለች ያቺ ግራ ገብቷት። ከዚያ ያን ሁሉ ቁመቷን አጥፋ ነጅማ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሰልጣኟ ሁለቴ እስኪጠራት አልተነሳችም።

እኔ ግን አኮረፍኩ። አዎ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቴ አኮረፍኩ። እንባዋን እያየሁ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ብታሸንፍ ኖሮ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ አልዋሽም፤ መሸነፏ አንጀቴን አሳርሮታል። እሑድ ቸርች ሄጄ ለማን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ሰኞ ጠዋት "እንዴት አደሩ እትዬ?" ስትለኝ ራሴን ብቻ ነቅነቅ አደረግሁ። ሱቋን በሰዓቷ ከፍታለች፣ የሐኪሙ ወረቀት ባንኮኒው ላይ ተዘርግቷል፣ ሩጫ አልወጣችም።

ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ክር ልገዛ ዣንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ከኩርፊያዬ ብዛት አንገቴን ወደ ሱቋ ላለማዞር ስል እግሬን ሳላይ ተራመድኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የማውቃት ኩርባ! ዣንጥላው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ።

"እኔን! እኔን እትዬ!"

ለደንበኛ ስትቆጥር የነበረውን እንቁላል እጇ ላይ እንደያዘች ዘላ ስትወጣ አየኋት። የበሩ ደፍ ላይ እንቁላሉ ከእጇ ወደቀና ፈሰሰ። በዚያ በታመመ ጉልበቷ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ብብቴ ሥር ገባች።

"እንቁላሉን ጣልሽው እኮ!" አልኳት።

"ኳሱንም ጥዬው የለ እትዬ? ይልቅ ይያዙኝ፣ ወገብዎን አመመዎት?"

ማልቀስ ጀመርኩ። ወገቤ አይደለም ያስለቀሰኝ። "ነጂዬ፣ አሸንፈሽ ነበር እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ሌሊቱን ሙሉ እያሰብኩ ነው ያደርኩት። ቢደገምም ግን እንጃ እትዬ። እጄ ነው የሚቀድመኝ።"

አንገቷን አቅፌ ተነሳሁ። እያነከሰች ነበር፣ ግን አልለቀቀችኝም። ደንበኛዋ ሱቁን ጠብቃ ቆማለች፣ የተሰበረውንም አልጠየቀችም። ቤቴ ገብተን እሳት አያያዝኩና ጨው አሞቅሁ፤ ግማሹን ለእሷ ጉልበት፣ ግማሹን ለእኔ ወገብ።