የቀለለው ቱባ

ማርሊስ ኩቢያክ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። በበረዶ ወራት፣ የዊስኮንሲን መንገድ እንደ መስታወት በሚያዳልጥበት ጠዋት፣ ልጆች የሞሉበት አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ከድቷት ያውቃል። መሪውን ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ ድምጿን ሳትቀይር «ሁላችሁም ቁጭ በሉ» ብላ፣ አውቶቡሱ ራሱ እስኪቆም ጠብቃለች። ይህን አስቀድሜ የማነሣው ፈሪ እንዳትመስላችሁ ነው። አንድ በጋ ሙሉ የሙዚቃ መሣሪያዋን ማንሣት የፈራችው ይህችው ሴት ናት።

የምንጫወተው በከበሮና በጡሩንባ ጓድ ውስጥ ነው። ክላሪኔት የለም፣ ዋሽንት የለም፤ ናስና ከበሮ ብቻ። እየነፋን በእግር ኳስ ሜዳ ላይ እንሰለፋለን፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንራመዳለን፣ ከሌሎች ጓዶች ጋር እንወዳደራለን። እኔና ማርሊስ ትከሻ ላይ ከሚቀመጡት፣ ወፍራም ድምፅ ካላቸው ትልልቅ ጡሩንባዎች መስመር ነን። እሷ ቀኝ ጫፍ ትቆማለች፣ እኔ ከጎኗ፣ ከእኔ ቀጥሎ ጎርዲ ሹልትዝ፣ ከዚያ ሌሎቹ።

ነገሩ የመጣው አሮጌውን መሣሪያችንን ቱባ በሚባለው ትልቅ ጡሩንባ ስንቀይር ነው። ልዩነቱን ደግሞ ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም፣ እወደዋለሁና። ከድሮ ጀምሮ የምንነፋው ኮንትራ የምንለውን ነበር፤ ሙሉ ስሙ ኮንትራባስ ቢዩግል ነው። ከሩቅ ለሚያየው ከሰልፍ ቱባ አይለይም፦ ሁለቱም ግራ ትከሻ ላይ ይጋደማሉ፣ ሰፊው አፋቸው ወደ ፊት ይመለከታል። ነገር ግን የኮንትራው ቧንቧ ይረዝማል። ቧንቧ በረዘመ መጠን ድምፅ ይወርዳል፤ ስለዚህ ምንም ቁልፍ ሳትነኩ ሁለቱን ብትነፉ፣ ኮንትራው ከቱባው ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው። የእኛዎቹ ቁልፋቸው ሁለት ብቻ ስለነበር አንዳንድ ኖታ ጭራሽ አልነበራቸውም፤ ያለውም ካልጠበቁት ይዛባል። ግን መስመሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲነፋ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው የሚገባው። የተመልካቹ የብረት መቀመጫ ሲርገበገብ ሰምቻለሁ። ቱባው ደግሞ ቁልፉ ይበዛል፣ ኖታው ይሟላል፣ ድምፁ ክብና ንጹሕ ነው፣ መለዋወጫውም አይጠፋም። እና ይቀላል። ጓዳችን የገዛቸው ቱባዎች ከአሮጌዎቹ ኮንትራዎች በጣም ይቀሉ ነበር። ሁላችንም ደስ ያለን በዚህ ነው። ማርሊስን የጎዳትም ይኸው ነው።

መሣሪያውን ከደረታችን ፊት ወደ ትከሻችን የምናነሣው በአንድ ቅጽበት ነው። እንወረውረዋለን ማለት ይቀላል። ብረቱ ይበርና መንፊያው፣ ከንፈር የሚያርፍበት ያ ትንሽ የብረት ጽዋ፣ አፍ ፊት ሲደርስ ቀጥ ይላል። ክንድ ይህን የሚማረው በዓመታት ነው፤ ሲማርም ክብደቱን አብሮ ይማራል። የማርሊስ ክንድ የተማረው ኮንትራን ነበር። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን፣ በትምህርት ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ ለኮንትራ የሚገባውን ጉልበት ለቱባው ሰጠችው፤ መንፊያውም አፏ ፊት አልቆመም። ጀማሪ ቢሆን ይህን ስህተት ሊሠራ አይችልም፤ የሚወረውርበት ጉልበት ገና የለውማ። ድምፁን ሰማሁት፦ ብረት ሸክላ ሲመታ ያለው ዓይነት ነው። ስዞር አገጯ በደም ርሷል፣ የፊት ጥርሷ ግማሹ የለም። ቱባውን ግን አልጣለችውም።

ከንፈሯ ተሰፍቶ ዳነ፣ ጥርሷም ተሞላ። ወደ ልምምድ በተመለሰችበት ቀን «አንሡ» ሲባል ዓይኗን ጨፈነች። ክንዷ መንገድ ላይ ቀረ፣ ከዚያ እየተጎተተ ወጣ።

ሌላ ቦታ የምትቆም ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። ግን መሣሪያው ግራ ትከሻ ላይ ሲቀመጥ የግራውን ዓይን ይጋርዳል። ማናችንም በግራችን ያለውን አናይም፤ የምናየው በቀኛችን ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ መስመሩ ሁሉ የሚያየው የቀኝ ጫፉን ሰው፣ ማርሊስን ነው። እሷ ስታመነታ ግማሹ እሷን አይቶ ይዘገያል፣ ግማሹ በልቡ ቆጥሮ ያነሣል፤ መስመሩ የወላለቀ አጥር ይመስላል።

«ማርሊስ፣ አውቶቡስሽም እንዲህ እያለ ነው የሚነሣው?» አላት ጎርዲ።

«አንተን ካልጫንኩ ቶሎ ይነሣል።»

ሳቅን። እሷም ሳቀች፣ አፏን በእጇ ሸፍና። 

አንድ ቀን ቤቷ ብሄድ መኪና ማስገቢያው ውስጥ ቱባውን ይዛ ቆማለች። በሰፊው አፍ ውስጥ የዶሮ መኖ በቆሎ የያዘ ከረጢት ወትፋበታለች።

«እንደ ኮንትራው ሲከብድ አልፈራውም» አለችኝ። «በቆሎውን በየቀኑ እቀንሳለሁ። ባዶው ላይ ስደርስ ግን ጥርሴ ቀድሞ ያውቃል።»

የውድድሩ ቅዳሜ ሲቃረብ አሠልጣኛችን ኢርቪን ለብቻዋ ጠራት። እኔ ቱባዬን እየወለወልኩ ስለነበር ሰማሁ።

«ግራ ጫፍ ብትሄጂስ? እዚያ ማንም አያይሽም።»

በደግነት ነው ያላት፤ የከፋውም ለዚህ ነው። ጸጉሯ ሳይሸብት ጀምሮ ቀኝ ጫፍ ላይ የቆመች ሰው ናት። «ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አለችው።

ዓርብ ማታ እንደ ልማዳችን የተጠበሰ ዓሣ ልንበላ ተሰብስበን ረጅም ተራ ጠበቅን። እሷ ዓሣውን በሹካ ትገፋዋለች እንጂ አትበላም።

«በረዶው ላይ ስንሸራተት የሚደረገውን አውቃለሁ» አለችኝ። «ፍሬን አልነካም፣ እስኪቆም እጠብቃለሁ። ይሄኛውን ግን ራሴ ላይ የምወረውረው እኔው ነኝ።»

 ከዓሣው ጋር የመጣላትን ጎመን ወደ እኔ ገፋችልኝ፣ በላሁላት።

ቅዳሜ ከስታዲየሙ በር ውጭ ተራችንን ስንጠብቅ ከፊታችን የገባው ጓድ ከበሮ በግድግዳው አልፎ እግራችን ሥር ይሰማ ነበር። የማርሊስ ፊት አመድ መስሏል። እኔም ፈርቻለሁ፦ ያን የሸክላ ድምፅ እንደገና እሰማለሁ ብዬ። ድንገት ከመስመሩ ወጥታ ፊታችን ቆመች።

«ስሙኝ። ፈርቻለሁ» አለች። «ዛሬ አልወረውረውም። እንደተኛ ሕፃን ቀስ ብዬ ነው የማነሣው። መንፋት የምንጀምረው ከትራምፔቶቹ በኋላ ስለሆነ ጊዜ አለን። የምትከተሉኝ ከሆነ ማንም በልቡ አይቁጠር፣ እኔን ብቻ እዩ። ካልሆነ አሁኑኑ ግራ ጫፍ እሄዳለሁ።»

 ለዓመታት የተገሠጽነው ቀስ ብሎ ማንሣት ነውር ነው እየተባልን ነው።

«ምን ያህል ቀስ?» አለ ጎርዲ።

«አላውቅም።»

«የዓሣ ተራ ከመጠበቅ ይፈጥናል?»

«ትንሽ።»

«እንግዲያው እችለዋለሁ። ለኢርቪን ማን ይነግረዋል?»

«ሲያይ ያውቃል» አለችና ወደ ቀኝ ጫፏ ተመለሰች።

ሜዳው ላይ ትራምፔቶቹ ብልጭ ብለው ተነሡ፣ ነፉ። ቀጥሎ የእኛ ነበር። ክንዴ ሊወረውር ፈለገ፤ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ማርሊስ ዓይኗን አልጨፈነችም። ቱባዋ ከደረቷ ለቀቀ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ፤ እኔም ከእሷ ጋር። በግራዬ የራሴ ብረት ጋርዶኛል፤ ጎርዲ ይነሣ አይነሣ፣ ሌሎቹ በፊት ጨርሰው እኛን ይጠብቁ እንደሆን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። መንፊያው ከንፈሬን ነካ። ማርሊስ አየር ሳበች፤ በዚያው ቅጽበት በግራዬ መስመሩ ሁሉ በአንድ ሳንባ ሲስብ ሰማሁ። ነፋን።

ስንወጣ ኢርቪን በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ማርሊስን ረዘም አድርጎ አያት።

«በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ ቀስ ነው ወይስ ትፈጥኛለሽ?»

በምላሷ ጥርሷን ዳሰሰች። 

«እኔ እንጃ» አለችው። «የምቆመው ግን ቀኝ ጫፍ ላይ ነው፤ እነሱ እኔን እያዩ ይከተላሉ።»