«አትመለስም» የተባለችው እናቴ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ንፋስ መውጫ

ንፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ጃኬት ላይ ጋቢ ደርቤ እንኳ ከባጃጁ እስክወርድ ድረስ ጥርሴ ይንገጫገጫል። መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይሸጣል። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱን በላሁት፣ ሌላውን እጄን ላሞቅበት ኪሴ ከተትኩት። ወደ ዓርብ ገበያ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ ሾፌር «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» እያለ ይጣራል፤ ውስጥ ግን ገና አራት ነን።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። መምህር ነኝና ለወላጅ ብዙ ደስ የማይል ወረቀት አድርሻለሁ። እንደዚህኛው የከበደኝ ግን የለም፤ የዚህኛው ወላጅ የገዛ እናቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሙሉ ባሕር ማዶ ትኖራለች። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ጉዳያችን ገና አላለቀምና አፌን ልሰብስብ። ሐምሌ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች። እናቴ ሄዳ ልታርሳት፣ ገንፎዋን ልታገነፋላት፣ ሕፃኑን ልታጥብላት የሦስት ወር ቪዛ ጠየቅን። መልሱ መጣ፤ ተከልክላለች። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ «ጉብኝትዎን ሲጨርሱ ወደ አገርዎ ይመለሳሉ ብለን አላመንንም።»

ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከወገዳ ገበያ እንኳ ሳይመሽባት ለመመለስ የምትሮጥ ሴት! ሦስት ቀን ሙሉ ባልበደሉኝ ተማሪዎች ላይ ስቆጣ ሰነበትኩ።

ንዴቴ ሲበርድ ያስገባሁትን ሰነድ አገላበጥኩ። የመሬት ደብተሯን ታናሽ ወንድሜ አዳነ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነበር የላከልኝ። እኔም መምህሩ፣ ስሙን እንኳ ሳላይ ለተርጓሚ አቀበልኩት። ለካ ደብተሩ በአዳነ ስም ኖሯል። ከሥሩም «ከእናቱ በስጦታ የተላለፈ» ይላል። ንብረት እንዳላት ሊያስረዳ የሄደው ወረቀት ባዶ እጇን እንደቀረች መሰከረ።

አሁን መሬቱን ወደ ስሟ አስመልሼ እንደገና ላመለክት ነው የምሄደው። ክልከላውንም እሷ አታውቅም። «እየታየ ነው» እያልኩ በስልክ ስሸነግላት ከርሜያለሁ።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ወደ ዓርብ ገበያ

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፤ ሾፌሩ ትናንት ማታ ሁለት ቦታ ደውሎ አረጋግጧል። ከጎኔ የተቀመጡት መሪጌታ እዚሁ ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ለብዙ ዓመት ድጓ ያስተማሩ ናቸው፤ ዛሬ ዘመድ ሊጠይቁ ይወርዳሉ። ጋይንት ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጦ ጉዳይን መደበቅ አይቻልም። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መሬቱን መቼ ሰጡት?» አሉኝ።

«ፓስፖርቱ በወጣ ሰሞን ይመስለኛል።»

መሪጌታ ጢማቸውን አሻሹ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን «አባቴ፣ ፈረንጅ እንኳን አሮጊት የራሱንም ጥላ አያምን!» ብሎ ሳቀ።

«አንተ መንገድህን እይ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ልጄ፣ መሬቱን ከመጠየቅህ በፊት ለምን እንደሰጡት ጠይቃቸው። ሰው ለሦስት ወር መንገድ ርስቱን አይሰጥም» አሉኝ።

ይህን ብለው የሰጡኝን የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምኩ ዓርብ ገበያ ደረስን። አባባላቸው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ወደ ወገዳ

ከዓርብ ገበያ በአይሱዙ ጋቢና፣ በሦስት መቶ ብር። በሾፌሩና በእኔ መካከል አንዲት እናት ከነሕፃኗ፣ እግራችን ሥር አንድ ጆንያ ጨውና የተጠፈረች ዶሮ። መንገዱ መንገድ ለመባል ሲበዛ ድፍረት ይጠይቃል። በአንድ በኩል ገደል ነው፤ በሌላው በኩል ለክረምቱ የሚታረስ ቀይ አፈር። በሬ ጠምደው የዋሉ ሰዎች ሞፈራቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው እያቋረጡን ያልፋሉ፤ ሾፌሩም ለእያንዳንዱ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል። በዚህ አኳኋን ወገዳ መድረሳችን የማርያም ተአምር ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር።

ከቀኑ 11 ሰዓት፣ እናቴ ቤት

ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። ስታየኝ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች፤ ግራ ቀኝ እያገላበጠች ሳመችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና «ከለከሉኝ፣ አይደል?» አለች።

አንድ ወር ሙሉ የሸነገልኩት ሽንገላ እዚያው አለቀ። ወረቀቱን አውጥቼ በአማርኛ አነበብኩላት። «ይመለሳሉ ብለን አላመንንም» የሚለው ላይ ስደርስ እንድትቆጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ይህን የጻፈው ሰው ብልህ ነው» አለች።

«እማዬ!»

«ኧረ እውነቴን ነው። እኔም እመለሳለሁ ብዬ አይደለም የተነሳሁት።»

ወደ ውስጥ አስገባችኝና ሙሉ የላከችላትን ሻንጣ ከፈተች። ለሕፃኑ ያስሸመነችው ነጭ ጥበብ፣ በሶ፣ የተፈጨ ተልባ። ከሁሉ በታች የታጠፈ አዲስ አቡጀዲ አለ። መገነዣዋ ነው።

«አየ ልጄ» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ረጋ ያለ ነው። «በዚህ ዕድሜ በሰማይ በርሬ፣ በበረዶ አገር ከርሜ የምተርፍ መስሎህ ነው? ልጄን አርሼ እዚያው የምቀር መስሎኝ፣ ሰው ለሞቱ እንደሚሰናዳው ተሰናዳሁ። መሬቱን ለአዳነ፣ ላሚቱን ለምራቴ ሰጠሁ። ንስሐዬን ጨረስኩ። ጽዋውንም ለጓደኛዬ ለጠጄ አሳለፍኩት።»

ጽዋው የማኅበራቸው ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን በማርያም ስም ይጠጣሉ። የዓመቱን ትልቁን ድግስ፣ የኅዳር ጽዮንን፣ የምታወጣው ሴት ግን ጽዋውን ዓመት ሙሉ በቤቷ ታኖራለች። ዘንድሮ የእናቴ ተራ ነበር።

አቡጀዲው ላይ እጄን አድርጌ አለቀስኩ፤ አርባ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ። ለሞቷ የታሰበ ጉዞ ነበር፤ እኔ የባንክ ደብተርና ፎቶግራፍ ሳሟላለት የከረምኩት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21፣ ረፋድ 5 ሰዓት፣ እትዬ ጠጄ ቤት

ጠዋት የመሬቱን ነገር አነሳሁ። አዳነ ሊመልስላት ደብተሩን ይዞ ቆሞ ነበር፤ እናቴ ግን «ለልጅ ሰጥቶ መንጠቅ ነውር ነው። ሚስት ያገባበት መሬት ነው» ብላ አስቀመጠችው። አንድ ጊዜ ነውር ካለች አለቀ።

ቀኑ የማርያም ነበርና ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን የወር ጽዋቸው ወደሚጠጣበት፣ እትዬ ጠጄ ቤት ሄድን። እትዬ ጠጄ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ሳቋ ከአጥር ውጭ ይሰማል። ቄስ አበጀ ጸሎቱን አድርሰው ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እንደተቀዳ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«የኅዳሩን ጽዋ መልሱልኝ» አለች።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሥርዓቱን የሚያስጠብቁት እማሆይ ወለተ ማርያም፣ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ጽዋ ወንፊት ነው እንዴ፣ ዛሬ አውሰሽ ነገ የምትመልሽው?»

«ያኔ የምሞት መስሎኝ ነው።»

«አሁንስ?»

እናቴ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ወደ ጽዋው። «ልጄ ትናንት ሲያለቅስ አየሁት። ሙሉም እኔን ቀብራ ሕፃን ልታሳድግ አይገባትም። አርሻት ልመለስ። ለኅዳር እደርሳለሁ።»

«ላለመቅረትሽ ዋስ ጥሪ!» አሉ እማሆይ።

ሳቄን በጋቢዬ አፈንኩት። ባሕር ማዶ ያለው መሥሪያ ቤት የጠየቀውን ጥያቄ እማሆይም ጠየቋት!

«ማርያምን እጠራለሁ» አለች እናቴ።

«ማርያም ባለ ጉዳይ ናት፤ ጽዋው የእሷ ነው። ከሰው ጥሪ።»

እትዬ ጠጄ ጽዋውን ከነመሸፈኛው አንስታ መጣች። «እኔ ዋሷ ነኝ። ከቀረች የኅዳሩን ድግስ እኔ አወጣለሁ። ግን ትመጣለች፤ የጠላ ጋኔን ተውሳኛለች፣ ገና አልመለሰችም!»

አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ተከተለች። አሥራ አንዱም ዋስ ሆኑ፤ በመጨረሻ እማሆይ ራሳቸው። እኔ ወረቀት አውጥቼ ነገሩን ሁሉ ጻፍኩ፦ ጽዋው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደያዘችው፣ ለመቼ እንደምትመለስ። የአሥራ አንድ ሴቶች አውራ ጣት አረፈበት፤ ቄስ አበጀም የአጥቢያውን ማኅተም መቱበት። አንዳንዱ አሻራ ላይ የተልባ ቅባት ወዝቷል። እንዲያው እንዳለ ይሂድ ብዬ ተውኩት።

ቤት ስንመለስ እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው ጽዋውን ምሰሶው ሥር ማስቀመጥ ነው። ቀጥላ አቡጀዲውን ከሻንጣው አውጥታ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። በፈንታው ለሙሉ አንድ ከረጢት በርበሬ ጨመረች።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ንፋስ መውጫ

አቧራዬን ሳላራግፍ ወረቀቱን ለተርጓሚው ሰጠሁት። በዚህኛው ስም በስም አብሬው አየሁ። ይፈቅዱላት እንደሆነ አላውቅም። የእነሱ መዝገብ ለጽዋ ቦታ ይኖረዋል ብዬ መማል አልችልም። እናቴ ግን እመለሳለሁ ብላለች፤ ለእኔ ከቪዛው የበለጠ እሱ ነበር የጎደለኝ።

ለሙሉ ደወልኩላት። ገና «ሃሎ» ሳልል «ምን አለች? አለቀሰች?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ ያለቀስኩት» አልኳት። «አንቺን የሚያስቸኩል መልእክት ግን ልካለች።»

«ምን ብላ?»

«ጽዋ ይዣለሁና ቀንሽን እንዳታሳልፊ ብላለች። በጊዜ ውለጂላት።»