የእንጨቷ እመቤት ዱቄት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ነው። ሰኞ ሙዚየሙ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ለእኛ ለጽዳት ሠራተኞቹ፣ ለክሊነሮቹ፣ ግን ዋናው የሥራ ቀን እሱ ነው። ሊንዳ የምትባለው ሱፐርቫይዘራችን ሞፕ፣ ባልዲና አንድ እሽግ ሰማያዊ ጨርቅ አስረከበችኝና ከቻይና፣ ከጃፓንና ከህንድ የመጡት የጥንት ዕቃዎች ወዳሉበት ፎቅ ይዛኝ ወጣች። ወለሉና ዕቃዎቹ የተቀመጡበት ማቆሚያ ያንቺ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለውን በጣትሽ ጫፍ እንኳ እንዳትነኪ አለችኝ። የገባኝ በእጇ ምልክት ነው፤ እንግሊዝኛዬ ያኔ ከ"ጉድ ሞርኒንግ" አያልፍም ነበር።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ የመጣሁትም ሳድል ሪጅ ሰፈር ያለችው ልጄ ዘንድ የልጅ ልጆቼን ልጠብቅ ነበር። እነሱ ትምህርት ቤት ሲገቡ ቤቱ ጭር አለብኝ። "እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ሥራ?" ብላ ልጄ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ባቡር አሳፈረችኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እዚያ ፎቅ ላይ ጠባቂው ተፈራ የሚባል የሀገሬ ሰው ነበር፤ ነገረኛ ነው።

"እትዬ አረጋሽ፣ በስተርጅና ጣዖት ያጅባሉ?"

"ጣዖትም ቢሆን አቧራ አይወድ። ይልቅ ቆመህ ከምታንቀላፋ ባልዲውን አቀብለኝ።"

ከሁሉ አብልጬ የምወዳት ከቻይና የመጣችውን፣ ከእንጨት የተቀረጸችውን እመቤት ነበር። አንድ ጉልበቷን አቁማ፣ ክንዷን ጣል አድርጋበት ቁጭ ብላለች። የምሕረት እመቤት ናት አሉኝ። ቀለሟ ረግፎ እንኳ ፊቷ አላረጀም።

በሁለተኛው ዓመት ከግርጌዋ፣ ጥቁሩ ማቆሚያ ላይ፣ ቁንጥር የምታህል ዱቄት አየሁ። ጠረግኩ። በሦስተኛው ቀን ደግማ መጣች። ጠረግኩ። ሊንዳ ጽዳቱን የምትመዘግብበትን ክሊፕቦርድ ይዛ ስትዞር የእኔ ክፍል ሁልጊዜ "ኤክሰለንት" ነው። ወር ሙሉ እንዲህ ስኮራ ከረምኩ።

አንድ ጠዋት ጨርቁን ሳላሳርፍ ዱቄቷን በሁለት ጣቴ አሸት አደረግኳት። አቧራ ቢያሹት ይለጠፋል፤ ይቺ ግን እንደ ደቃቅ አሸዋ ቆረቆረችኝ። እናቴ የእንጨት አልጋ ስትገዛ ከእግሩ ሥር ጥቁር ጨርቅ አንጥፋ ሦስት ቀን ትጠብቅ ነበር፤ ዱቄት ከወረደ አልጋውን ለባለቤቱ ትመልሳለች። ነቀዝ ነው። እመቤቷን ከውስጥ እየበላት ነው፤ እኔ ደግሞ ምልክቱን በየሦስት ቀኑ እጠርግለታለሁ!

ለሊንዳ ነገርኳት፤ ተፈራ አስተረጎመልኝ። "አቧራ አቧራ ነው፤ ከማሞቂያው ይሆናል፣ ጥረጊው" አለች።

"አልጠርግም በላት" አልኩት።

"እትዬ፣ እኔ እንዲህማ አልላትም። ሥራዎትን ያጣሉ።"

"ያልኩህን በል።"

አላት። ሊንዳ ቀላች። ሐሙስ ኢንስፔክሽን፣ የፍተሻ ቀን፣ ነው፤ ያን ቀን ዱቄቱን ካገኘሁት ራይት አፕ አደርግሻለሁ አለች። ራይት አፕ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ሁለተኛው ማለት ስንብት ነው፤ እኔ በበረዶ ምክንያት ባረፈድኩባት ቀን አንዱን ወስጄአለሁ።

እስከ ሐሙስ ዙሪያውን ወለወልኩ፤ ዱቄቷን ዘለልኳት።

ሐሙስ ሊንዳ ለኢንስፔክሽኑ ከኮንሰርቫተሩ ጋር መጣች። ኮንሰርቫተር ማለት የዕቃዎቹ ሐኪም ነው። ዱቄቱን ስታይ እኔን ለመክሰስ አፏን ከፈተች፤ ሰውየው ግን ቀድሟት ተንበርክኳል። ባትሪ አበራ። ዱቄቱን በትንሽ ብሩሽ እየጠረገ ብልቃጥ ውስጥ ከተተ። ከእመቤቷ ጀርባ፣ ከታች፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል አዲስ ቀዳዳ አገኘ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ።

"ወር አልፎታል። በጠረግኩት በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ያን ሁሉ ጊዜ የጠረግኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ጥፋቴን ልደብቅ አልፈለግሁም።

ተፈራ አስተረጎመው። ሰውየው ግን አልተቆጣም። የቀኑን ልክ በደንብ አስደግሞ ጻፈው፤ "ይህን ሊነግረኝ የሚችል ሌላ ሰው የለም" አለ።

እመቤቷን በወፍራም ፕላስቲክ አሽገው አየሩን አስወጡባት፤ ነቀዙ ትንፋሽ አጥቶ እስኪሞት ሳምንታት ቆየች። ጎረቤቶቿም ተመረመሩ። አንድ የጃፓን ሣጥን ነቀዝ ጀምሮት ተገኘ፤ እሱም ዳነ።

ወደ ቦታዋ በተመለሰች ቀን ክሊነሮቹን ከጎብኚ አስቀድመው አስገቡን። ሊንዳ በሁሉም ፊት፣ "ጥረጊ ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ትክክሏ አረጋሽ ነበረች" አለች። ተፈራ ጮክ ብሎ በአማርኛ ተረጎመው። ሁለት ጊዜ። ከእኔ በቀር አማርኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም።

"አሁንማ ዶክተር ልበልዎት?"

"በል እንጂ፣ ምን ቸገረህ!"

ደስታዬን አልደብቅም፤ ያን ቀን ባቡር ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው አይቶኛል። ሊንዳ ክሊፕቦርዱ ላይ "አዲስ ነገር ታይቷል?" የሚል መስመር ጨመረች፤ ለእያንዳንዳችንም ትንሽ ብልቃጥ ታደለን። እኔ ወደ ዕቃ እንክብካቤ ክፍል ተዛወርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም አዲስ የሚቀጠሩትን ክሊነሮች አሠለጠንኩ።

የማስተምራቸው አንድ ነገር ነበር። ጨርቁን ከማሳረፋችሁ በፊት የምትጠርጉትን እዩ። ከተጠረገ በኋላ የሚያየው የለም።