ቦሎኛ ጣቢያ የበላሁት ቆሎ

ሃያ ሦስት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ባሕር የተሻገርኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ለስምንት ቀን። ሰው ሁሉ ስለ ሮም ይጠይቀኛል። ሮምን አይቻለሁ፤ ምን ይወጣላታል! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ያየሁት ከተማ አይደለም፤ በእስክሪብቶ ሰርዤ ያለፍኩት ነው።

እንጅባራ ለምናስተምር መምህራን አንድ የውጭ አገር ስልጠና መጣና ዕጣው ለእኔ ወጣ። አራት ቀን ሮም ውስጥ ስልጠና፣ የቀረው አራት ቀን የራሴ። ዕድሜዬን ሙሉ በጠመኔ ስስላቸው የኖርኩትን ከተሞች በአራት ቀን ላዳርስ ማለት ነው። ስግብግብነት ያዘኝ፤ አልዋሽም። ከምሳ በኋላ ከታሪክ መምህሩ ባልደረባዬ ጋር አንድ ሻይ ቤት ጓሮ እንቀመጥና ደብተር ዘርግተን ከተማ እንመርጣለን።

«ናፖሊን ጻፍ» ይለኛል።

«ናፖሊ ትርምስ ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ትርምስ ምን አዲስ ሆነብህ? የገበያ ቀን እዚሁ ቆሰበር ገበያ አይደል የምትውለው?»

«ለትርምስማ እዚሁ እውላለሁ» ብዬ ሰረዝኩት።

ሚላኖ የልብስ ከተማ ናት ስለተባለ ሰረዝናት፤ ኮቴን ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ፍሎረንስ ጸደቀች። ቬኒስም ጸደቀች፤ ውሃ ላይ የተሠራች ከተማ ሳላይ ብመለስ ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። በሁለቱ መካከል ባቡር የሚቀየርባት ቦሎኛ የምትባል ከተማ ነበረች።

«እዚህችም አንድ ቀን እደርባት» አለ ባልደረባዬ። «ጥንታዊ ከተማ ናት። መንገዷ ሁሉ ባለ በረንዳ ነው፤ ከጫፍ ጫፍ ብትሄድ ዝናብ አይነካህም።»

«እኔ ዝናብ ሽሽት ነው እንዴ የምሄደው? የእንጅባራ ሰው ሆኜ!»

ተሳሳቅን። ከዚያ ያቺን እጄን ይቁረጣትና፣ ከስሟ ጎን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቦሎኛ፦ የሚታይ የለም። ባቡር መቀየሪያ።» ደብተሩ ዛሬም አለ።

ጉዞውን ከትምህርት ቤት ሰዎችና ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አገሬው ያውቀዋል፤ የውጭ ጉዞ ሳይሄዱ አይወራም። ቪዛው ተመትቶም አይወራም። እግር አውሮፕላኑ ውስጥ ሳይገባ የተናገረ ሰው ዓይን ይገባበታል፣ ምላስ ይበላዋል። ዳንግላ አንድ ሰውዬ እሄዳለሁ ብሎ በግ አርዶ፣ ተመርቆ፣ ተለቅሶለት ከአዲስ አበባ ተመልሷል፤ እስከ ዛሬ «ተሸኚው» ነው የሚባለው። ባለቤቴ ይህን እያነሳች «ሆድ ይፍጀው በል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ትለኛለች። እኔም የተማርኩ ነኝ የምለው ሰውዬ ከእሷ ብሼ ተገኘሁ። ለርእሰ መምህሩ እንኳ ታምሜ ነው ልል ቃጥቶኝ ነበር፤ ደግነቱ ደብዳቤውን የፈረመው እሱ ራሱ ነው።

ከሁሉ የደበቅኩት ግን ከአክስቴ ነው። አክስቴ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው ቤታቸው። እናቴ በልጅነቴ ስትሞትብኝ ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው፤ እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ተቀምጦ ነው ያደገው። ልጁ ከስድስት ዓመት በፊት በመተማ በኩል ወጣ። አክስቴ ለጠየቃቸው ሁሉ «አረብ አገር ነው፤ ደህና ነው» ይላሉ። ከዚያ አያልፉም። ከዓመት ወዲህ ግን ስልኩ ጠፋባቸው። መጀመሪያ ኔትወርኩ ነው ብለው ተጽናኑ፤ ኔትወርኩ መጣ፣ ልጁ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባገኘኋቸው ቁጥር አፋቸው ላይ ያለው አንድ ነገር ነበር፦ «ገንዘብ አልፈልግም። ይምጣልኝም አልልም። በዓይኑ አይቶት የሚነግረኝ አንድ ሰው ብቻ።»

ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ገበያ አገኘኋቸው። ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ተይዟል፤ ዝናቡ ያለመታከት ይወርዳል። አክስቴ ድንቻቸው ላይ ፕላስቲክ አልብሰው ቆመዋል። አዲስ ጫማዬን አዩና፦

«ወዴት ነው ደግሞ?» አሉኝ።

«ባሕር ዳር፤ ለስልጠና ነው እቴቴ።»

ዓይኔን እንኳ አላሸሸሁም። እሳቸው ያሳደጉት አፍ እንዲህ ቀጥ ብሎ ይዋሻል ብዬ አላስብም ነበር። በማግስቱ በባጃጅ አንድ ፌስታል የገብስ ቆሎ ላኩልኝ። «ጾም ስለሆነ ለመንገድህ» ብለዋል። ለባሕር ዳር መንገድ! ባለቤቴ ሳቀችና ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው።

ስለ ሮም፣ ስለ ፍሎረንስ አላወራም፤ ያንን ሌላው ሰው ጽፎታል። ከፍሎረንስ የተሳፈርኩበት ባቡር ዘገየና ቦሎኛ ላይ የቬኒሱ አመለጠኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠብቅ ተባልኩ። ከተማዋ ከጣቢያው በር ውጪ ናት። ሃምሳ እርምጃ። «የሚታይ የለም» ብዬ የፈረድኩ ሰውዬ ግን ሻንጣዬን በጉልበቴ አጣብቄ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የሚሸጠው ዳቦ ሁሉ ሥጋና አይብ ነው። ስለዚህ የአክስቴን ቆሎ አወጣሁ።

ስቆረጥም ሁለት ወጣቶች በፊቴ አለፉና ተመለሱ። የኛው ልጆች ናቸው፤ አንዱ የነተበ ጃኬት ለብሷል።

«ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት?»

ባለቤቴ መክራኝ ነበር፤ «ሐበሻ ካገኘህ አትጠጋ፤ ችግሩን ዘርግፎብህ ስምንት ቀንህን ይበላብሃል።» አንገቴን ቀና አድርጌ የባቡሩን ሰሌዳ አየሁ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

«ተወው፣ ህንድ ነው» አለ ባለ ጃኬቱ።

«ህንድ ቆሎ ይቆረጥማል እንዴ?» አለ ሌላው። ተሳሳቁና ሄዱ። እኔ አፌ ሙሉ ቆሎ ይዤ ቀረሁ። ተናደድኩ፤ በራሴ ሳይሆን በእነሱ። ቬኒስ ስደርስ ረስቼዋለሁ።

ከተመለስኩ በኋላ ምስጢር የለም። ባለቤቴ ራሷ አወጀችው፤ ጎረቤቱ «እንኳን ደህና ገባህ» እያለ ይመጣል። በአምስተኛው ቀን አክስቴ መጡ። ፊታቸው ላይ ቅያሜ አለ፤ ቢሆንም ሳሙኝ።

«ባሕር ዳር እንዴት ሰነበተች?» አሉኝ።

ባለቤቴ ልትስቅ ብላ ተወችው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማሳየት ጀመርኩ። ይህቺ ሮም፣ ይህቺ ፍሎረንስ፣ ይህቺ ውሃ ላይ ያለችው ቬኒስ። «እዚህ ለመድረስ ቦሎኛ በምትባል ከተማ አልፌ…» ስል እጄን ያዙኝ።

«ማን አልክ?»

«ቦሎኛ።»

የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ወረቀት አወጡ። ከመታጠፉ ብዛት መስመሩ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። በልጃቸው እጅ ጽሑፍ፣ በፈረንጅ ፊደል፣ ስልክ ቁጥርና አድራሻ አለበት። የከተማው ስም ቦሎኛ ነው። ልጁ ከአረብ አገር በባሕር ተሻግሮ ጣሊያን ከገባ ሦስት ዓመት አልፎታል። ያኔ ደውሎ፣ ይህን ጽፎ በሚያምኑት ሰው ስልክ ፎቶውን ላከላቸው፤ እሳቸውም አሳትመው ያዙት።

«ወረቀት የለኝም፣ ለሰው ካወራሽ ይመልሱኛል አለኝ» አሉ አክስቴ። «ላንተም አልነገርኩህም። ስንት ቀን አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት! አንተ ለምን ደበቅከኝ?»

ዓይንዎን ፈርቼ ነው ልበላቸው? ያሳደጉኝን ሴትዮ ዓይን? ባለቤቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ጫማዬን አየሁ። ያው አዲሱ ጫማ ነበር።

«ብትነግረኝ እነግርህ ነበር» አሉ። «በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ሂድና እየው እልህ ነበር።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው። የእኔ ዝምታና የእሳቸው ዝምታ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነቅዙ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቁጥሩን ደወልን፤ ጥሪ አይቀበልም። ባልደረባዬ በቴሌግራም ከእጅ እጅ እያለ እዚያው ቦሎኛ የሚኖር አንድ ሐበሻ እስኪያገኝ ድረስ ጥቅምት ገባ። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ሳይሰለች አወራኝ።

«እንዴ! እሱንማ ሁላችን እናውቀዋለን። ስልኩን ከተሰረቀ ቆየ። ለእናትህ ደውል ስንለው፣ በባዶ እጄ ምን ብዬ ይላል። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ባቡር ጣቢያው በር ላይ ነው የምንቀመጠው፤ እሱም አይጠፋም ነበር።»

«እስከ መቼ ነበር?» አልኩት። እንዳይመልስልኝ እየፈለግሁ ነው የጠየቅሁት።

«መስከረም ከመስቀል በኋላ ነው የሄደው። ወደ ሰሜን ብሏል። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።»

ነሐሴ ላይ እዚያ ነበር ማለት ነው። ከበሩ ውጪ። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የእናቱን ቆሎ ስቆረጥም ሃምሳ እርምጃ ላይ። ለእነዚያ ልጆች «አዎ፣ ሐበሻ ነኝ» ብል በቃ፣ እጄን ይዘው ይወስዱኝ ነበር። ባልደረባዬ «ምን ታውቃለህ፣ ያን ቀን ላይኖር ይችላል» ይለኛል። ደግ ሰው ነው። ሁለተኛ እንዳይለኝ ግን ተቆጥቼዋለሁ።

ለአክስቴ ልነግራቸው ዘንገና ወረድኩ። በሕይወት እንዳለ፣ ስልኩን እንደተሰረቀ፣ ወደ ሰሜን እንደሄደ ነገርኳቸው። ስለ ጣቢያው በር አልተናገርኩም። ማድጋው ላይ እንደተደገፉ ሰሙኝ። አላለቀሱም። ብቻ፦

«ከተማው እንዴት ነው?» አሉኝ። «ልጄ የኖረበት።»

«የሚታይ የለም» ብዬ የጻፍኩላት ከተማ! ባልደረባዬ ያለኝን አስታወስኩ።

«መንገዱ ሁሉ በረንዳ አለው እቴቴ። ዝናብ አይነካቸውም።»

«ተመስገን» አሉ። ነገሩን ደጋግመው በአፍ መፍቻቸው በአዊኛ ለራሳቸው አሉት፤ ዝናብ አይነካውም፣ ዝናብ አይነካውም። ቀጥለው፦ «ያንን ቆሎ እዚያ ነው የበላኸው?»

«እዚያው ነው።»

«የኛ ልጆች አላጋጠሙህም? አንድ ሐበሻ እንኳ?»

ባሕር ዳር ነው የምሄደው ባልኩበት አፍ፣ «አላጋጠሙኝም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ጓዳ ገቡ። ሲወጡ አንድ ፌስታል ቆሎ ይዘዋል። አፉን ሁለት ጊዜ ቋጥረው እጄ ላይ አኖሩት።

«እንግዲህ ሌላ ጊዜ ስትሄድ አትንገረኝ፤ ደብቀኝ። እሱን አልቀየምህም። ይህን ግን ብቻህን አትብላው፤ ሐበሻ ሲያጋጥምህ እፍኝ እፍኝ ስጠው።»