ሟች የሌለበት ድንኳን

አባቴ የእድራችን ንብረት ያዥ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ የሻይ ብርጭቆው ሁሉ ሰበታ ባለው ግቢያችን፣ ከቆርቆሮ በተሠራች መጋዘን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቁልፉ ከቀበቶው አይለይም። ዝናብ ሲጥል የእኛ ጣሪያ ያፍስስ አያፍስስ ሳያይ መጀመሪያ ወደ መጋዘኑ ይሮጣል። እናቴ "አንተን ያገባህ ድንኳኑ ነው" እያለች ታበሽቀዋለች።

በዚያው ግቢ ከጓሮ ባለችው ክፍል እታለም ተከራይታ ትኖራለች። እታለም የምላት በፍቅር ነው እንጂ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም። ከወላይታ መጥታ ክር ፋብሪካ ስትቀጠር እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከፈረቃ ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ይኖራል፤ እሱን ሳታራግፍ ደብተሬን ታያለች። ጴንጤ ስለሆነች ልብስ ስታጥብ መዝሙር ትዘምራለች፤ ኦርቶዶክሷ እናቴም ሳታስበው ያንኑ መዝሙር ስታንጎራጉር ትገኛለች፣ ስንስቅባት ደግሞ ትቆጣለች። ማትሪክ ስፈተን ሦስት ቀን የጾመችልኝ እታለም ናት። በጣም ነው የምወዳት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት "ከመጣችሁበት ተመለሱ" የሚሉ ወጣቶች ከተማችን ውስጥ ተነሱ። ከሩቅ የመጡ አይደሉም፤ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ሰፈር ናቸው፣ ብዙዎቹንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። መጀመሪያ ስድባቸው ቴሌግራም ላይ ነበር። ቀጥሎ በየበሩ በቀይ ቀለም ኤክስ ማድረግ ጀመሩ። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ የእኛም በር ተቀብቷል። ለማን እንደሆነ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ብዙ አየውና "ብረት እንዲህ አይቀባም" አለ። ከዚያ ናፍጣና ጨርቅ ይዞ ይፈትግ ጀመር።

የእኔ ደም ግን ፈላ። ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ አለኝ፤ ከሁላችንም ንግግር የሚያውቅ እሱ ነው። "ዛሬ ቀለም ነው፣ ነገ ክብሪት ነው" አለን። "ፖሊስ እስኪመጣ ቁጭ ብለን ልንጠብቅ ነው? መንገዱን የያዙት እኛ ስለለቀቅንላቸው ነው። እንውጣና ብዙ መሆናችንን ይዩ፤ አይለምዳቸውም።" ይህን ክርክር እስከ ዛሬ ሞኝነት ነው ማለት አልችልም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዱላ ይዘን ወጣን። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ወላይታው ተቀላቅለን በሁለት ቋንቋ "ሰበታ የሁላችን ናት!" እያልን አስፋልቱን ተሻገርን። አልዋሽም፣ ደስ ይል ነበር። እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም። እነሱ የሚውሉበት ፑል ቤት ስንደርስ ድንጋይ መወርወር ተጀመረ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ የወረወርኩትን ግን አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ከእኔ አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ ይማር የነበረ ቀጭን ልጅ ግንባሩን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ ሲል አየሁት። ደም በጣቶቹ መሃል ይወርድ ነበር።

ያሸነፍን መስሎን እየዘፈንን ተመለስን። ወዲያው ቪዲዮው ተለቀቀ። ቪዲዮው የሚጀምረው ከእኛ ዱላ ነው፤ የበራችን ኤክስ የለበትም፣ የልጁ ደም ግን አለበት። እስከዚያ ቀን ፀጉር ቤት በር ላይ ቆመው ወሬ ከመስማት በቀር ከማንም ያልወገኑ ልጆች በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ወደ እነሱ ዞሩ። "እሁድ እኛም እንመጣለን" ብለው ጻፉ። ሊያባርሩን የሚፈልጉትን ሰዎች ቁጥር ያበዛንላቸው ራሳችን ነበርን።

እታለም ጓዟን አሰረች። እሁድ ሳይደርስ እወጣለሁ አለች፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። አባቴ ግን "እስከ ሰኞ ታገሺኝ" ብሎ ለመናት።

"እሺ አባባ፣ አንቱ ካሉ" አለችው። ጓዙን ግን አልፈታችውም።

እኔና ጓደኞቼ በበኩላችን ጆንያ ሙሉ ድንጋይ ለቅመን ከመጋዘኑ ኋላ አስቀመጥን። እሁድ ጠዋት አባቴ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ መጋዘኑን ከፈተ። ከሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ድንኳኑን አወጡና በራችን ፊት፣ መንገዱን ዘግተው ተከሉት።

"ማን ሞተ?" አልኩት ደንግጬ።

"ማንም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

"ድንኳን ፊት የሚጮህ ሰው አይቼ አላውቅም" አለኝ፣ ገመዱን እየወጠረ።

እውነቱን ነው። ለቅሶ ቤት ፊት ባጃጅ እንኳ ክላክስ አያደርግም፤ የሚያልፍ ሁሉ ጎራ ብሎ ትንሽ ሳይቀመጥ አይሄድም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ መጥቶ "ልንፋ ወይ?" ሲለው ግን አባቴ ተቆጣ። "ጥሩምባ ከተነፋ ውሸት ይሆናል። ድንኳን መትከል ግን ውሸት አይደለም" አለው። ይህን ሕግ ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አባቴ ያላሰበው የገዛ ሰፈሩን ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ድንኳን ካየ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው በኋላ ነው። ከላይ ሰፈር አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ገቡ። አባቴ ጠጋ ብሎ "ኧረ እማማ፣ ማንም አልሞተም" ሲላቸው "እኔን ነው የምትደብቁኝ?" ብለው ባሰባቸው። ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑ በሰው ሞላ። እናቴም ምን ታድርግ፣ እየተራገመች ንፍሮ ጣደች። እታለም በራሷ ጭንቀት ፊቷ በእንባ ርሶ ስላዩዋት ሐዘንተኛዋ እሷ ናት ብለው መሃል አስቀመጧት።

ከምሳ በኋላ መጡ። ጩኸታቸው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ኩርባውን ዞረው ድንኳኑን ሲያዩ ፊት ያሉት ዝም አሉ፤ ከኋላ ያሉት ትንሽ ጮኹና እነሱም ዝም አሉ። አንዳንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። አባቴ ሰው ሲቀበል ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው፤ ወጣ ብሎ "ኮታ፣ ታኣ" አላቸው፣ ኑ ተቀመጡ። ገሚሶቹ ከዚያው ተመለሱ። የቀሩት ዱላቸውን አጥር ላይ አስደግፈው ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ገቡ።

አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባባ፣ ማን ነው ያረፈው?" አለ።

አባቴ ድንኳኑን ሲተክል ለዚህ ጥያቄ መልስ አላዘጋጀም ነበር። "ገና አልታወቀም፣ ልጄ" አለው በመጨረሻ። "ተቀመጥ።"

ድንኳኑ ውስጥ የሚስቅ አልነበረም። በኋላ ጥሩ መልስ ነው ስለው አባቴ "ሌላ የሚባል ስላጣሁ ነው" አለኝ።

እኔ ከመጋዘኑ ኋላ ጆንያው አጠገብ ነበርኩ። አባቴ መጣ፣ ድንጋዩን አየና የውሃ ጆግና ማስታጠቢያ አስያዘኝ። "አስታጥባቸው" ብቻ ነው ያለኝ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ስደርስ ግንባሩ በፋሻ የታሰረ ቀጭን ልጅ እጁን ዘረጋልኝ። አፈሰስኩለት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ያወቀኝ ይመስለኛል። ታጥቦ ሲጨርስ ተነሳና ወደ እታለም ሄደ። ጎንበስ ብሎ "እግዜር ያጽናሽ" አላት። እሷም ሊያባርራት ለመጣው ልጅ "አሜን" አለችው። ንፍሯቸውን በልተው ሄዱ።

እድሩ አባቴን አልማረውም። ሟች ሳይኖር ድንኳን መትከል ሟርት ነው ተብሎ በስብሰባ ተወቀሰ፣ ቁልፉንም ተቀማ። ከርሞ ድንኳኑን ደህና አድርጎ የሚያጥፍ ሰው ሲጠፋ ነው የመለሱለት።

በራችን ላይ ዳግመኛ ኤክስ አልተደረገም። ባለባጃጁ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ "የፈሩት ዱላችንን ነው፤ በንፍሮ የተመለሰ አክራሪ የለም" ይለኛል። ቡራዩ የምትኖረው አክስቴ በዚያው ሰሞን በእሷ ሰፈር ድንኳን የተከለ ሰው እንዳልነበረ ነግራናለች፤ ከዚያ በላይ መናገር አልፈለገችም። አባቴም በየሳምንቱ ድንኳን ሲተክል ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ማናችን ልክ እንደነበርን ሳስበው ቆይቼ ባለፈው ዓመት እታለምን ራሷን ጠየቅኋት። ልብስ ታሰጣ ነበር።

"እውነቱን ንገሪኝ" አልኳት። "ያኔ ያስቀረሽ ሰልፋችን ነው ወይስ የአባባ ድንኳን?"

"ጓዜን ያሰርኩት እነሱን ፈርቼ መሰለህ?" አለች። "ቀለሙን ሳይ ተናድጄ ነበር እንጂ አልፈራሁም። ያን ቅዳሜ ከሰልፉ ስትመለስ ግን አየሁህ። ሰው ፈንክተህ እየዘፈንክ ነው የገባኸው። በእኔ ምክንያት ነገ ሰው ይገድላል ብዬ ነው ልሄድ የነበረው።"

በጣም አፈርኩ። ያን ሁሉ ያደረግኩት ለእሷ ብዬ ነው፤ እሷም ልትሄድ የነበረው ለእኔ ብላ ነው።

"ታዲያ ለምን ቀረሽ?" አልኳት።

"ያንን ልጅ ስታስታጥበው እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለችኝ። "እሱን አይቼ ነው የቀረሁት።"

እኔ እጄ መንቀጥቀጡን አላስታውስም።